ለብሔራዊ የራግቢ ዩኒየን ቡድን ተጫዋቾችን የመምረጥ አሠራር

«ሠላሳ ሦስቱን ምርጥ ተጫዋቾች እንዴት ለይቼ ላውጣ?» የሚለው ጥያቄ አዲስ ከተሾሙ አሠልጣኞች፣ ከፌዴሬሽን የቴክኒክ ኃላፊዎችና ከመራጭ ኮሚቴ አባላት ደጋግሞ ይደርሰኛል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ በተናጠል ከምመልስ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል መጻፍ ይሻላል ብዬ ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ጥያቄው ራሱ መታረም አለበት። መራጩ የሚሞላው አሥራ አምስት የሥራ ቦታዎችን ነው፤ ለእያንዳንዱም ቦታ አንዱ ሲጎዳ ሥራውን ሳያጓድል የሚረከብ ሌላ ሰው መኖር አለበት። በችሎታ ደረጃ ከአንድ እስከ ሠላሳ ሦስት የተደረደረ የስም ዝርዝር ይህን ሊያሟላ አይችልም።

ቦታዎቹን በሜዳ ላይ በሚጠሩበት ስም እጠራቸዋለሁ። ከ1 እስከ 8 ያሉት ፎርዋርዶች ሲሆኑ እነርሱም ሉዝሄድ ፕሮፕ (1)፣ ሁከር (2)፣ ታይትሄድ ፕሮፕ (3)፣ ሎኮች (4 እና 5)፣ ፍላንከሮች (6 እና 7) እና ነምበር ኤይት (8) ናቸው። ከ9 እስከ 15 ያሉት ባኮች ደግሞ ስክረም ሃፍ (9)፣ ፍላይ ሃፍ (10)፣ ሴንተሮች (12 እና 13)፣ ዊንጎች (11 እና 14) እና ፉልባክ (15) ናቸው። አሠራሩ ለወንዶችም ለሴቶችም ቡድን አንድ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በሥራ ላይ ያለው የወርልድ ራግቢ (የዓለም አቀፉ የራግቢ አስተዳዳሪ አካል) ደንብ 8 (ለአገር የመሰለፍ መብት) እና ደንብ 9 (ተጫዋቾችን ለብሔራዊ ቡድን የመልቀቅ ግዴታ)፣ እንዲሁም የሚሳተፉበት ውድድር የራሱ ደንብ
- ለእያንዳንዱ ዕጩ የተከፈተ ማኅደር፦ የልደት ምስክር ወረቀት፣ እንደ ሁኔታው የወላጅ ወይም የአያት የልደት ማስረጃ፣ የክለብ ምዝገባ ታሪክ፣ ቀድሞ የተሰለፈባቸው ብሔራዊ ቡድኖች ሙሉ ዝርዝር
- ለእያንዳንዱ ዕጩ ቢያንስ የሦስት ጨዋታዎች ያልተቆራረጠ ቪዲዮ
- አሥራ አምስት ረድፎች ያሉት የቦታ ሠንጠረዥ
- ሰዓት መያዣ፣ የሜትር መለኪያና የሜዳ ምልክቶች
- ከቡድኑ ሐኪም የተፈረመ የጤና ሪፖርት
- ቢያንስ ሦስት መራጮች፣ ከእነርሱም አንዱ በስክረም (የሁለቱ ቡድኖች ፎርዋርዶች ተያይዘው ፊት ለፊት ለኳስ የሚገፋፉበት) የመጀመሪያ ረድፍ፣ ማለትም በ1፣ በ2 ወይም በ3 ቁጥር፣ የተጫወተ
- ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ከመጀመሪያ ረድፍ የመጣው መራጭ ነው። ስክረምን ከውጭ ሆኖ ያየ ሰው ማን እንደገፋና ማን እንደተገፋ ቢያውቅም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል።

ደረጃ 1፦ ቡድኑ የሚጫወትበትን መንገድ በአንድ ገጽ ይጻፉ

የማንንም ስም ከመጥራትዎ በፊት ቡድኑ ኳስ ሲይዝ፣ ኳስ ሲያጣ፣ እንዲሁም ከስክረምና ከላይን አውት (ከጎን መስመር የወጣ ኳስ በሁለት ረድፍ ለተሰለፉ ተጫዋቾች ከሚወረወርበት) ሲነሣ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ ጽፈው ለሁሉም መራጮች ይስጡ። ይህ ወረቀት ከሌለ እያንዳንዱ መራጭ በራሱ ሐሳብ ውስጥ ላለው ጨዋታ ይመርጣል፤ ክርክሩም ስለ ተጫዋቹ እየመሰለ ስለ ስልቱ ይሆናል። ለምሳሌ ከራሱ ሜዳ በምት መውጣትን የሚመርጥ ቡድን ከራክ (መሬት ላይ ባለ ኳስ ዙሪያ ከሁለቱም ወገን ቆመው ከሚገፋፉ ተጫዋቾች) ጀርባ ኳስን ከፍ አድርጎ በትክክል የሚመታ ስክረም ሃፍና በአየር ላይ የሚሻማ ዊንግ ያስፈልገዋል። ኳስን ይዞ ደጋግሞ መግፋትን የሚመርጥ ቡድን ግን ከታክል (ኳስ የያዘን ተጋጣሚ ይዞ ከመጣል) በኋላ ፈጥነው ተነሥተው ቀጣዩ ራክ ላይ የሚደርሱ ሎኮችን ያስቀድማል። አንዱ ዊንግ በመጀመሪያው ቡድን ውስጥ ቀዳሚ ተመራጭ፣ በሁለተኛው ደግሞ ከዝርዝር ውጭ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ውሳኔዎች ትክክል ናቸው።

ደረጃ 2፦ ከችሎታው በፊት ለአገሩ የመሰለፍ መብቱን ያረጋግጡ

ሥራው አሰልቺ ቢሆንም በዚህ ደረጃ የሚፈጸም ስህተት በሜዳ ላይ ከሚፈጸም ከማንኛውም ስህተት የበለጠ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአውሮፓ ማጣሪያ ሮማኒያ፣ ስፔንና ቤልጅየም መብት የሌላቸውን ተጫዋቾች አሰልፈው በመገኘታቸው ነጥብ ተቀነሰባቸው፤ ወደ 2019 የዓለም ዋንጫ ያለፈችውም ሩሲያ ሆነች። ስፔን በ2022 እንደገና በአንድ ተጫዋች ምክንያት 10 ነጥብ ተቀነሰባትና በሜዳ ያገኘችው የ2023 የዓለም ዋንጫ ቦታ ለሮማኒያ ተላለፈ። በሁለቱም ጊዜ ለዓመታት የደከሙ ተጫዋቾች ውድድሩን ያጡት በወረቀት ምክንያት ነው።

ደንብ 8 መብቱን በአራት መንገዶች ይሰጣል፦ ተጫዋቹ በአገሩ ከተወለደ፣ ከወላጆቹ ወይም ከአያቶቹ አንዱ በዚያ ከተወለደ፣ ለ60 ተከታታይ ወራት በአገሩ ፌዴሬሽን ወይም በሥሩ ባለ ክለብ ብቻ ተመዝግቦ ከቆየ፣ ወይም በድምሩ ለ10 ዓመት በአገሩ ከኖረ። ቅድመ አያት አይቆጠርም። የወራቱ መስፈርት ቀድሞ 36 ወር ስለነበረና ዝርዝሩም ስለሚሻሻል፣ በቃል ከሚያስታውሱት ይልቅ በምርጫው ጊዜ በሥራ ላይ ያለውን ጽሑፍ አውጥተው ያንብቡ።

በዚህ ደረጃ ሁለት ነገሮች መራጮችን ደጋግመው ያሳስታሉ። የመጀመሪያው ፓስፖርት ነው። በአሥራ አምስት ተጫዋቾች ራግቢ ዜግነት ብቻውን የመሰለፍ መብት አይሰጥም፤ ፓስፖርቱን ትናንት ያገኘ ሰው ከአራቱ መስፈርቶች አንዱን ካላሟላ ሊመረጥ አይችልም። በኦሊምፒክ የሰባት ተጫዋቾች ራግቢ ዜግነት ተጨማሪ መስፈርት ስለሆነ ሁለቱ በቀላሉ ይምታታሉ። ሁለተኛው ተጫዋቹ አስቀድሞ በሌላ አገር ስም ተይዞ መገኘቱ ነው። ለዋናው ቡድን፣ ፌዴሬሽኑ «ሁለተኛ ዋና ቡድን» ብሎ ለሰየመው ቡድን፣ ወይም ደንቡ በሚያስቀምጣቸው ሁኔታዎች ለሰባት ተጫዋቾች ዋና ቡድን የተሰለፈ ሰው ለዚያ አገር የተያዘ ይሆናል። በ2018ቱ ጉዳይ ውስጥ ቀድሞ ለሌላ አገር ከ20 ዓመት በታች ቡድንና ለሌላ አገር የሰባት ተጫዋቾች ቡድን የተሰለፉ ሰዎች ነበሩበት። ስለዚህ ዕጩውን «ለሌላ አገር ተጫውተህ ታውቃለህ?» ብለው ብቻ አይለፉት፤ ከ18 ዓመቱ ጀምሮ ብሔራዊ ማሊያ ለብሶ የተጫወተባቸውን ጨዋታዎች ሁሉ፣ የሰባት ተጫዋቾችን ጨምሮ፣ በቀን በቀን እንዲጽፍ ያድርጉ።

ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ጠቃሚ በር ተከፍቷል። ለአንድ አገር የተያዘ ተጫዋች ለ36 ወራት ዓለም አቀፍ ጨዋታ ካልተጫወተ፣ እርሱ ወይም ወላጁ ወይም አያቱ ወደተወለደበት አገር በሕይወቱ አንድ ጊዜ ሊዛወር ይችላል። ቀድሞ ለኒውዚላንድ የተጫወተው ማላካይ ፌኪቶአና ለአውስትራሊያ የተጫወተው እስራኤል ፎላው በዚያው ዓመት ለቶንጋ የተሰለፉት በዚህ መንገድ ነው። ቡድንዎ አነስተኛ የተጫዋች ምንጭ ካለው፣ በውጭ የሚጫወቱና የዘር ሐረግ ያላቸውን ሰዎች ዝርዝር አስቀድሞ መያዝ ከማንኛውም ካምፕ የበለጠ ጥቅም ሊሰጥ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ በፎቶ ኮፒ ላይ ተመሥርተው አይወስኑ። ዋናውን ሰነድ ያየው ሰው ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርምበት። ጥርጣሬ ካለ ተጫዋቹን ከመጥራትዎ በፊት ለወርልድ ራግቢ በጽሑፍ ያቅርቡና በጽሑፍ የሚሰጥዎትን መልስ ይጠብቁ።

ደረጃ 3፦ የቦታ ሠንጠረዡን ይሙሉ

በሠንጠረዡ ላይ ለእያንዳንዱ ቦታ አራት ስም ይጻፉ፤ ከስሙም አጠገብ ሰውየው ዛሬ መጫወት የሚችል፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚደርስ ወይም በአደጋ ጊዜ ብቻ የሚገባ መሆኑን ያመልክቱ። አራት መባሉ ብዙ ሊመስል ይችላል። ይሁንና በ2011 የዓለም ዋንጫ የኒውዚላንድ ፍላይ ሃፍ ዳን ካርተር በልምምድ ላይ ብሽሽቱን ተጎዳ፤ የተካው ኮሊን ስሌድ በሩብ ፍጻሜው ተጎዳ፤ ሦስተኛው አሮን ክሩደን በፍጻሜው የመጀመሪያ አጋማሽ ጉልበቱን ተጎድቶ ወጣ። ውድድሩ ሲጀመር በዝርዝሩ ውስጥ ያልነበረው ስቲቨን ዶናልድ ገብቶ ያስቆጠረው ቅጣት ምት ፈረንሳይን 8 ለ 7 ለማሸነፍ አበቃቸው። አራተኛው ስም ከውድድሩ በፊት በሠንጠረዡ ላይ ካለ ማንን እንጥራ የሚል ክርክር አያስፈልግም።

የቡድኑ መጠን በውድድሩ ደንብ ይወሰናል። በወንዶች የዓለም ዋንጫ በ2019 31፣ በ2023 ደግሞ 33 ተጫዋቾች ተፈቅደዋል። ለ33 ሰው ቡድን ጥሩ መነሻ የሚሆነው አከፋፈል ስድስት ፕሮፕ፣ ሦስት ሁከር፣ አራት ሎክ፣ ስድስት የፍላንከርና የነምበር ኤይት ተጫዋቾች፣ ሦስት ስክረም ሃፍ፣ ሁለት ፍላይ ሃፍ፣ አራት ሴንተር፣ አምስት የዊንግና የፉልባክ ተጫዋቾች ነው። ከዚህ መውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ከአንዱ ቦታ የቀነሱትን ሰው ሥራ ማን እንደሚሸፍን በስም መጻፍ ይኖርብዎታል። ሁለት ፍላይ ሃፍ ብቻ ከያዙ ከሴንተሮቹ ወይም ከፉልባኮቹ አንዱ በክለቡ በ10 ቁጥር በእርግጥ ተጫውቶ የሚያውቅ መሆን አለበት።

አንድ ሰው በሠንጠረዡ ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ ይጻፍ፤ አንድ ጊዜ በዋና ቦታው፣ አንድ ጊዜ በሁለተኛ ቦታው። ሦስት ቦታ ይሸፍናል የተባለ ሰው በተጎዳ ዕለት ሦስቱም ቦታዎች አብረው ባዶ ይሆናሉ።

ደረጃ 4፦ ከመጀመሪያው ረድፍ ይጀምሩ

ምርጫውን ከታዋቂው ፍላይ ሃፍ ወይም ከፈጣኑ ዊንግ መጀመር ያጓጓል። እኔ ግን ሁልጊዜ ከ1፣ ከ2 እና ከ3 ቁጥር እንዲጀመር አጥብቄ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም በሜዳው ላይ በሌላ ሰው በግምት ሊሸፈኑ የማይችሉት፣ ሕጉም ቁጥራቸውን በግልጽ የሚያስቀምጥላቸው እነዚህ ቦታዎች ብቻ ናቸው። በጨዋታው ሕግ መሠረት በቡድኑ ውስጥ 15 ወይም ከዚያ በታች ተጫዋቾች ካሉ 3፣ ከ16 እስከ 18 ካሉ 4፣ ከ19 እስከ 22 ካሉ 5፣ 23 ካሉ ደግሞ 6 ተጫዋቾች የመጀመሪያ ረድፍ ሥልጠና ያላቸው መሆን ይኖርባቸዋል። ቡድኑ ብቁ ሰው ካጣ ዳኛው ግፊት የሌለበት ስክረም ያዝዛል፤ 23 ሰው በሚያዝበት ጨዋታም ለዚህ ምክንያት ሆኖ የወጣው ተጫዋች ስለማይተካ ቡድኑ አንድ ሰው ጎድሎበት ይቀጥላል።

«ፕሮፕ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይሸፍናል። ሉዝሄድ ፕሮፕ ጭንቅላቱ በግራ በኩል ነጻ ስለሆነ ከተጋጣሚው ጋር የሚጋፋው በአንድ ወገን ነው። ታይትሄድ ፕሮፕ ግን ጭንቅላቱ በተጋጣሚው ሁከርና ሉዝሄድ ፕሮፕ መካከል ስለሚገባ ከሁለቱም ግፊት ይቀበላል። በአንዱ በኩል ድንቅ የሆነ ሰው በሌላው በኩል ሊወድቅ ይችላል። እኔ በተሳተፍኩበት አንድ ምርጫ በዕጩዎች ቅጽ ላይ «ፕሮፕ» ተብሎ ብቻ ተጽፎ ስለነበር ከተጠሩት አራት ፕሮፖች ሦስቱ ሉዝሄድ ሆነው የተገኙት ካምፑ ከተከፈተ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያው ሙሉ የስክረም ልምምድ ሁለት ቀን ዘግይቷል። ከዚያ ወዲህ በማዘጋጀው ቅጽ ላይ 1 እና 3 ለየብቻ ይጻፋሉ፤ ተጫዋቹም ባለፈው የውድድር ዘመን በየትኛው በኩል ስንት ጨዋታ እንደጀመረ ይሞላል።

ለሁከር ሁለት ነገር ለየብቻ ይመዝኑ፦ የስክረም ሥራውንና የላይን አውት ውርወራውን። ውርወራውን ሰውነቱ ዕረፍት ላይ እያለ መፈተን ብዙም አያሳይም፤ ከከባድ ሩጫ ወዲያው በኋላ ወደ ፊት፣ ወደ መሐልና ወደ ኋላ ያሉ ዘላዮች ደጋግሞ እንዲወረውር ያድርጉና ስንቱ እንደደረሰ ይቁጠሩ።

በዚህ ቦታ ሊወሰድ የሚችለው የአደጋ መጠን እስከ ምን እንደሆነ የ2023 የዓለም ዋንጫ በደንብ ያሳያል። ደቡብ አፍሪካ ሁከሯ ማልኮም ማርክስ ሲጎዳባት በእርሱ ቦታ የጠራችው ፍላይ ሃፉን ሃንድሬ ፖላርድን ነበር። በፍጻሜው ዋናው ሁከር ቦንጊ ምቦናምቢ ጨዋታው በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ ተጎድቶ ወጣና ፍላንከሩ ዲዮን ፉሪ ቀሪውን ጊዜ በሁከርነት ተጫወተ፤ ላይን አውቱ ቢቸገርም ኒውዚላንድን 12 ለ 11 አሸነፉ። ይህ ሊሆን የቻለው ፉሪ ቀደም ሲል በክለብ ለዓመታት በሁከርነት ስለተጫወተ ነው። በልምምድ ላይ ጥቂት ጊዜ የሞከረን ሰው በዚህ ምሳሌ ተደግፈው አይምረጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ለመጀመሪያ ረድፍ ያልሠለጠነን ተጫዋች፣ ጉልበቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ በዚያ ረድፍ አያስገቡ። በስክረም ውስጥ የሚፈጠር የአቋም ስህተት የአንገትና የአከርካሪ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

ደረጃ 5፦ ኳሱን ትተው ሰውየውን ይመልከቱ

ተጫዋቾችና ወኪሎች የሚልኩት ቅንጭብ ቪዲዮ አንድ ሰው በጥሩ ቀኑ ምን ማድረግ እንደሚችል ብቻ ያሳያል። ለምርጫ የሚያስፈልግዎ ኳስ በእጁ በሌለበት ጊዜ የሚያደርገው ነው፤ ጨዋታው ከሚፈጀው ሰማንያ ደቂቃ ለአብዛኛው ተጫዋች ኳስ የሚይዝበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነውና። ሦስት ሙሉ ጨዋታ ይምረጡ፦ ቡድኑ በቀላሉ ያሸነፈበት፣ ከጠንካራ ተጋጣሚ ጋር የተፋለመበትና የተሸነፈበት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ከሁሉም የበለጠ ያስተምራል።

ሲመለከቱ እነዚህን በደቂቃ እየለዩ ይመዝግቡ፦

- ከታክል በኋላ ለመነሣትና ወደ መስመሩ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ፣ በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች ተነጻጽሮ
- ራክ ላይ ሲደርስ ተጋጣሚን ገፍቶ ከቦታው ማስለቀቁ ወይም ዝም ብሎ መደገፉ
- ከራሱ ስህተት በኋላ ባለው አንድ ደቂቃ የሚያደርገው
- የሚያስቀጣው ጥፋት ዓይነት፣ በተለይ ከራስ ወገን ሜዳ ውስጥ
- ለባኮች፦ ኳስ በሌላው ጠርዝ እያለ የሚቆምበት ቦታና ለጎረቤቱ የሚናገረው

ሁለት መራጮች አንዱን ተጫዋች ለየብቻ አይተው ከ1 እስከ 5 ነጥብ ከሰጡ በኋላ ብቻ ይነጋገሩ። አብረው ካዩ ቀድሞ የተናገረው ሰው አስተያየት ሁለተኛውን ይጎትተዋል። ነጥቡ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከተለያየ ሦስተኛ ሰው ይይ።

አኃዞችን በተመለከተ፣ የታክል ስኬት መቶኛ በጣም የሚያሳስት ቁጥር ነው። ሃያ ታክል ሞክሮ ሁለት የሳተ ፍላንከርና አራት ሞክሮ አንድም ያልሳተ ዊንግ በመቶኛ ሲታዩ ዊንጉ የተሻለ ይመስላል፤ ሥራቸው ግን ጨርሶ አይነጻጸርም። ተጫዋቹን ከራሱ ቦታ ሰዎች ጋር ብቻ ያነጻጽሩ፤ የተጫወተበትን ሊግ ደረጃም ከቁጥሩ አጠገብ ይጻፉ።

ደረጃ 6፦ የአካል ብቃትንና ጤናን ይመርምሩ

ለጽናት በስፋት የሚያገለግለው ብሮንኮ የተባለው ሩጫ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ተጫዋቹ 20፣ 40 እና 60 ሜትር ደርሶ ይመለሳል፤ ይህም 240 ሜትር ይሆናል። ያለ ዕረፍት አምስት ጊዜ ሲደግመው 1200 ሜትር ይሞላል። ለፍጥነት የ10 ሜትር ሩጫን ያክሉ፤ ፎርዋርድም ቢሆን በጨዋታ ውስጥ የሚወስኑት አጫጭር ርቀቶች ናቸውና። ውጤቱን ለየቦታው ዝቅተኛ ወሰን ለማስቀመጥ ይጠቀሙበት እንጂ ሰውን በደረጃ ለመደርደር አይጠቀሙበት። ወሰኑን ካለፉ ሁለት ታይትሄድ ፕሮፖች መካከል በስክረም የሚጸናው ይመረጣል፤ የሩጫ ሰዓቱ ሥራ ወሰኑ ላይ ያበቃል።

በጤና በኩል የሐኪሙ «አይሆንም» የሚለው ቃል በመራጮች ድምፅ አይሻርም። ይህን ከሥራው በፊት በጽሑፍ ይስማሙበት፤ ምክንያቱም ግፊቱ የሚመጣው ዋናው ተጫዋች በተጎዳ ሳምንት ነው። በተለይ የጭንቅላት መናወጥ የደረሰበት ተጫዋች ደረጃ በደረጃ ወደ ጨዋታ የመመለሻውን ሥርዓት ሳይጨርስ አይቆጠርም፤ የላቀ የሕክምና ክትትል በሌለበት የጨዋታ ደረጃ ወርልድ ራግቢ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ጊዜ 21 ቀን ነው። የሚወስደውን መድኃኒትና ተጨማሪ ንጥረ ምግብ ሁሉ ለሐኪሙ እንዲያሳውቅም ያድርጉ። ፈቃድ የሚያስፈልገው መድኃኒት ካለ ማመልከቻው ከምርጫው በፊት መጀመር አለበት፤ ሳያውቁ የወሰዱት የተከለከለ ንጥረ ነገርም እንደ ጥፋት ይቆጠራል።

ደረጃ 7፦ ክለቡ የሚለቅቀው መሆኑን ያረጋግጡ

ደንብ 9 ክለቦች ተጫዋቾችን እንዲለቅቁ የሚያስገድደው በተወሰኑ የዓለም አቀፍ ጨዋታ ጊዜያት ነው፤ በወንዶች በኩል ዋናዎቹ የሐምሌና የኅዳር ጨዋታዎች ሲሆኑ የሴቶቹ የራሳቸው መርሐ ግብር አላቸው። ከእነዚህ ውጭ ለሚደረግ ካምፕ በስምምነት ላይ መደገፍ ግድ ይሆናል። የጥሪ ደብዳቤውን ለተጫዋቹና ለክለቡ በአንድ ቀን ይላኩ፤ የኢንሹራንሱንና የጉዞውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በደብዳቤው ውስጥ ያስፍሩ።

ደረጃ 8፦ በካምፑ ውስጥ ጥንዶችን ይፈትኑ

ለ33 ቦታ ከ40 እስከ 45 ሰው መጥራት በቂ ነው፤ ከዚያ ከበዛ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የሙከራ ጊዜ ይሳሳል። የካምፑ ዋና ጥቅም ቪዲዮ የማያሳየውን መፈተን ነው፤ ይህም ተጫዋቾች ከማያውቁት ሰው ጋር እንዴት እንደሚሠሩ ማየት ነው። ከክለቡ ስክረም ሃፍ ጋር ለዓመታት የተላመደ ፍላይ ሃፍ የብሔራዊ ቡድኑ 9 ቁጥር በሌላ ፍጥነት ሲያቀብለው ጊዜውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ 9ን ከ10፣ 12ን ከ13፣ ሁከሩን ከላይን አውት ዘላዮቹ ጋር እያፈራረቁ ያጣምሩ። ላይን አውትን የሚጠራ (ኳሱ ለማን እንደሚወረወር በምልክት ቃል የሚናገር) ሰው ቢያንስ ሁለት ይኑርዎት፤ ተጫዋቾቹ ከተለያዩ አገሮች ክለቦች የሚመጡ ከሆነ የጥሪው ቋንቋ በመጀመሪያው ቀን ይወሰን።

እውነተኛ ግፊት ያለበት ስክረምና ሙሉ የሙከራ ጨዋታ ሳይደረግ ካምፑ አይዘጋ። በሙከራ ጨዋታው ላይ የመጀመሪያ ምርጫ ይሆናሉ ብለው ያሰቧቸውን ሁሉ በአንድ ወገን አያሰልፉ። በጠንካራ ስክረም ፊት የሚሠራ 10 ቁጥር ሁሉ ጥሩ ይመስላል፤ ስክረሙ ሲገፋ የሚያደርገውን ማየት ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 9፦ በጽሑፍ ተወያይተው አንድ ሰው ይወስን

እያንዳንዱ መራጭ ዝርዝሩን ጽፎ ይዞ ይምጣ። በብዙዎቹ ዝርዝር ላይ ያሉት ስሞች ያለ ክርክር ይያዙ፤ ጊዜው በሚያከራክሩት ጥቂት ቦታዎች ላይ ይዋል። በአንድ ዕጩ ላይ ጥቅም ወይም ዝምድና ያለው መራጭ፣ የክለብ አሠልጣኙንም ጨምሮ፣ ስለዚያ ሰው ሲነገር ከክፍሉ ይውጣ። ዋና አሠልጣኙ መጨረሻ ይናገር፤ መጀመሪያ ከተናገረ ሌሎቹ እርሱ ያለውን ይደግማሉ። የመጨረሻው ውሳኔ ግን የአንድ ተጠያቂ ሰው ይሁን፤ ይህም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዋና አሠልጣኙ ነው። በድምፅ ብልጫ የሚሠራ ቡድን እርስ በርሱ የማይገጥም ይሆናል፤ እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ትክክል ሆኖ ሳለ አምስቱም ተቀያሪ ባኮች አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።

ለያንዳንዱ ላልተመረጠ የካምፕ ተሳታፊ ምክንያቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር በቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። ቀጥሎ ባለው ደረጃ ያስፈልጋል።

ደረጃ 10፦ ለተመረጡትም ላልተመረጡትም ይንገሩ

ዝርዝሩ በይፋ ከመውጣቱ በፊት በካምፑ ለነበሩና ላልተመረጡ ሁሉ ዋና አሠልጣኙ ራሱ ይደውል። ምክንያቱን ሊሠራበት በሚችል መልክ ይንገረው፤ «ገና ነህ» ማለት ምንም አይረዳውም፤ «ከስክረም በኋላ ራክ ላይ የምትደርሰው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሆነህ ነው» ማለት ግን ነገ የሚሠራበትን ያሳየዋል። ይህ የአክብሮት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዛሬ የቀረው ሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ በሌላው ጉዳት ምክንያት የሚጠራው ነው፤ ስሙ አለመኖሩን ከዜና የሰማ ሰው ስልኩን በሙሉ ልብ አያነሣም። ከዚያም ለየቦታው ተጠባባቂዎችን ይሰይሙ፤ የልምምድ ዕቅድ፣ የላይን አውት ጥሪዎችንና የጉዞ ሰነዳቸውን ዝግጁ ያድርጉላቸው። በዓለም ዋንጫ በጉዳት የተተካ ተጫዋች ወደ ቡድኑ ስለማይመለስ፣ ለመተካት የሚደረገው ውሳኔ የሐኪሙን የመጨረሻ ምርመራ ይጠብቅ።

ደረጃ 11፦ የጨዋታውን ቀን 23 ሰዎች ይምረጡ

ከ15ቱ ጋር ስምንት ተቀያሪዎች ይመረጣሉ። ከስምንቱ ሦስቱ በሕጉ ምክንያት የመጀመሪያ ረድፍ ስለሆኑ በነጻነት የሚመርጡት አምስት ብቻ ነው። የተለመደው አከፋፈል አምስት ፎርዋርድና ሦስት ባክ ነው፤ ስድስት ለሁለትም ይሠራበታል። ደቡብ አፍሪካ በ2023 ፍጻሜ ሰባት ፎርዋርድና አንድ ባክ ይዛ ስትቀርብ ስክረም ሃፉ ፋፍ ደ ክሌርክ ሙሉውን ጨዋታ መጫወት ነበረበት። እንዲህ ያለ አከፋፈል የሚሠራው ከ15ቱ መካከል ሌሎች የባክ ቦታዎችን በእርግጥ የሚሸፍኑ ሰዎች ሲኖሩ ብቻ ነው። ለመወሰን የሚረዳው ቀላል ሙከራ የሚከተለው ነው፦ ዝርዝሩን ይያዙና 9፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 15 ቁጥር በአሥረኛው ደቂቃ ወጡ ብለው አንድ በአንድ ያስቡ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ማን ወዴት እንደሚዛወርና ቅጣት ምቱን ማን እንደሚመታ በስም ይጻፉ። ስም ማግኘት ካልቻሉ ተቀያሪ ወንበሩ ይስተካከል።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

በመጨረሻ ጨዋታ መማረክ። ካለፉት ሁለት ሳምንታት ጨዋታ ብቻ የተመረጠ ሰው ብዙ ጊዜ ደካማ ተጋጣሚ የገጠመው ነው። ወደ ደረጃ 5 ይመለሱና ከጠንካራ ተጋጣሚ ጋር የተጫወተውን ይዩ።

በክብደት መምረጥ። ከባድ ሎክ ላይን አውት ላይ ካልተነሣና በ60ኛው ደቂቃ ራክ ላይ ካልደረሰ ክብደቱ ለስክረም ብቻ ይቀራል።

አንድ ቅጣት መቺ ብቻ መያዝ። መቺው በጉዳት ወይም በቢጫ ካርድ ለ10 ደቂቃ ሲወጣ ነጥብ የሚያስቆጥር ሰው ይጠፋል። በ23ቱ ውስጥ ቢያንስ ሁለት፣ ከእነርሱም አንዱ በ15ቱ ውስጥ እስከ መጨረሻ የሚቆይ ይሁን።

የዲሲፕሊን ታሪክን አለማየት። ባለፈው የውድድር ዘመን የተሰጡትን ካርዶችና በምን ምክንያት እንደተሰጡ በማኅደሩ ውስጥ ያስገቡ። ከፍ ብሎ በመታከል ደጋግሞ የተቀጣ ሰው የአታካከል ሥልጠና ሳይሰጠው ከተጠራ፣ በዓለም አቀፍ ጨዋታ ያው ጥፋት ቡድኑን ሰው ያጎድለዋል።

ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ ማኅደሮችን መዝጋት። የምዝገባ ወራት ይቆጠራሉ፣ ጉዳት ይድናል፣ የታገደ ሰው ይመለሳል። ሠንጠረዡን በየወሩ መጀመሪያ አንድ ሰው እንዲያድሰው ኃላፊነቱን በስም ይስጡ፤ በሚቀጥለው ጥሪ ሥራው ከደረጃ 3 ይጀመራል።